አባዬ፣ ኒሙን ለማገዶ አልሸጥኩትም

ውድ አባዬ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስልክ ስደውል ወንድሜ ጋሼ ሁሌም ከጎንህ ነው። እሱ ባለበት የልቤን መናገር አልችልም። ለዚህ ነው የምጽፍልህ። መነጽርህን አድርገህ ቀስ ብለህ አንብበው።

የእግርህ እብጠት እንዴት ነው? የውሃ ክኒኑን ጠዋት ነው የምትውጠው አይደል? ማታ ከወሰድከው ሌሊቱን ሙሉ ሽንት ቤት ሲያመላልስህ ያድራል። የጋሼ ቤት ደረጃ ደግሞ በጨለማ አይታመንም። ጨው ትቷል ብሎኛል፤ እኔ ግን ሳላይ አላምንም።

ስትሄድ የግቢውን ኒም ለማገዶ ሽጪው ብለኸኝ ነበር። ግማሹ ደርቆ ወደ ጎረቤታችን ሐጂ ጣሪያ ስላዘነበለ መቆረጡ ግድ ነበር። ቅርንጫፉን ሸጥኩት። ግንዱን ግን አልሸጥኩም። ጣውላ አስወጣሁት። በጣውላው ከጓሮ፣ የዶሮው ቤት በነበረበት በኩል፣ የመሣሪያ ቤት ሠራሁበት። 3 ሜትር በ2 ሜትር ነው። ጋሼ እስካሁን አያውቅም።

የሰነጠቁት ከደደር የመጡ አባትና ልጅ ናቸው። ግንዱን ርብራብ ላይ አወጡት። ክር ከሰል ውሃ ውስጥ ነክረው፣ ወጥረው፣ መስመሩን ለቀቁበት። ከዚያ አባትየው ከላይ፣ ልጁ ከታች ሆነው በረጅሙ መጋዝ ቀጠሉ። ልጁ ሰጋቱራው ዓይኑ እንዳይገባ ነጠላ ተከናንቦ ነበር። አባትየው ከላይ ሆኖ "ቀስ፣ አትቸኩል፣ መስመሩን እይ" ይለዋል። ቀኑን ሙሉ ይለዋል። ሻይ ይዤ ሄጄ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

የግንዱ ውስጥ ቀይ ነው፣ አባዬ። ኒም ከማሆጋኒ ጋር አንድ ዘር ነው ያልከኝ አንተ ነህ። ያን ቀን አየሁት።

ጣውላውን እንደምታደርገው አደረግኩት። 2 ሳንቲም ተኩል ውፍረት ያለው ጣውላ ዓመት ያህል ይፈልጋል። ድሬ ሙቀቷ ቶሎ ያደርቃል፤ ቶሎ የደረቀ ግን ይሰነጠቃል። ውሃው ፈጥኖ የሚወጣው ከጫፉ ስለሆነ ጫፍና ጫፉን ከበሩ በተረፈው ቀለም ቀባሁት። በየመሃሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገባሁ በረንዳው ጥላ ላይ ደረደርኩት፤ እንዳይጣመም ከላዩ ድንጋይ ጫንኩበት። አንተ የሄድከው ለአንድ ወር ሕክምና ነበር። ጣውላው ደርቆ አልቋል።

ለቋሚዎቹና ለአግዳሚዎቹ ግን አልጠበቅኩም። ያን ያህል ወፍራም እንጨት እስኪደርቅ ስንት ዓመት ይፈጃል! እርጥብ ሳለ ደግሞ መሮ ይቀበላል። 12 በ12 ሳንቲም ናቸው። ምስማር አልመታሁባቸውም። ሴቴውን ጉድጓድ በመሮ ፈለፈልኩ፣ እዚያ የሚገባውን ወንዴ ጫፍ በመጋዝ አወጣሁ፣ በደረቀ የወይራ ችንካር አሰርኩት። በወንዴው ላይ ያለውን የችንካር ቀዳዳ በሴቴው ላይ ካለው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ወንዴው ሥር አስጠግቼ ነው የበሳሁት። ችንካሩ ሲገባ መገጣጠሚያውን ስቦ ግጥም ያደርገዋል። እንጨቱ እየደረቀ ሲሄድ ቢኮማተር እንኳ አይላቀቅም። ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱን በ60፣ በ80 እና በ100 ሳንቲም ሦስት ጎን ለካሁት። ሰያፍ ለሰያፍም ለካሁ፤ እኩል መጣ። በየማዕዘኑ ሰያፍ ደጋፊ አለው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ውሃውን ከሐጂ አጥር ወደ እኛ እንዲያፈስ አዘነበልኩት።

ቋሚዎቹን መሬት ውስጥ አልቀበርኳቸውም። ምስጥ ኒምን እንደ ሌላው እንጨት አይደፍረውም፤ ቢሆንም ከአፈር ጋር ምን አነካካው? እስከ ጉልበት የሚደርስ የድንጋይ መሠረት ላይ ነው ያቆምኳቸው። ሐጂ "ለትንሽ ቤት ይሄ ሁሉ ድንጋይ ምንድነው?" አሉኝ። እሳቸውም የ1998ቱን ጎርፍ አይተዋል፤ እንዴት እንደጠየቁኝ እንጃ። የደቻቱ ወንዝ ያን ሌሊት ለማን አዘነ? እማዬ አልጋው ላይ ቆማ የጮኸችው አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

መላጉ ነው የከበደኝ። የኒም እንጨት ክሩ ይጠላለፋል። በአንድ አቅጣጫ ሲሄዱበት እሺ ይልና መሃል ላይ ይነጫል። ምላጩን በጣም ሳልኩት፣ ትንሽ ብቻ እንዲወጣ አደረግኩት፣ መላጊያውን ሰያፍ ይዤ ገፋሁ። ያኔ ለሰለሰ። ይህን ማን አስተማረሽ ትል ይሆናል። አንተ ነህ። ጋሼን ስታስተምረው በኩሽናው መስኮት እሰማ ነበር።

አባዬ፣ ይሄን ከዚህ በፊት ነግሬህ አላውቅም። ልጅ ሆኜ መላጊያውን አንስቼ ስሞክር ከእጄ ቀማኸኝ። "ሂጂ እናትሽን አግዢ" አልከኝ። ጋሼን ከኳስ ሜዳ አስጠራኸው። እያኮረፈ መጣ። ያንን ትቼዋለሁ፤ ዘመኑ ነው ብዬ። ከጎርፉ በኋላ መሣሪያህን ከጭቃ ስትለቅም ግን ከጎንህ የነበረው ማን ነው? እያንዳንዱን መሮ በላምባ እያሸሁ ዝገቱን ያስለቀቅኩት እኔ ነኝ። "ጎበዝ" ብለኸኛል። ያንን ቃል ይዤ ስንት ዓመት ኖርኩ። ከዚያ በጋሼ ሠርግ ቀን ሳጥኑን ከነመሣሪያው በሰው ፊት ለእሱ ሰጠኸው። ሰው እልል አለ። እኔ ሳህን ይዤ ቆሜ ነበር።

ባለፈው ልጠይቅህ ስመጣ ሳጥኑን አየሁት። ኮሪደር ላይ ነው፤ የጫማ መደርደሪያ ሆኗል። ከፍቼ አየሁ። ትልቁ መላጊያ ዝጓል።

በምድር ባቡር ደመወዝ ሒሳብ አያያዝ አስተምረኸኛል። ልጆቼን የማሳድገው በዚያ ነው። አመሰግንሃለሁ፣ ከልቤ ነው።

ልጆቹ ይናፍቁሃል። ትልቋ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጥታለች። ትንሹ የፊት ጥርሱ ወልቆ "ሳምቡሳ" ማለት አቅቶታል፤ መብላቱን ግን አላቆመም። ዓርብ ዓርብ ፈጢራ ካልተገዛልኝ ይላል። አያቴ መቼ ነው የሚመጣው እያለ ይጠይቀኛል። እኔም እሱን እየሰማሁ...

ዶክተሩ የነገረውን ጋሼ ነግሮኛል። ለአንተ እንዳልነግር አስምሎኛል። አንተ ግን የምታውቅ ይመስለኛል። ባለፈው በስልክ ስለ ቤቱ ካርታ ስታወራኝ ድምፅህ ልክ አልነበረም። ካርታው የት እንዳለ አውቃለሁ፤ እሱን ተወው። እኔ የምፈልገው እንድትመጣ ነው። ድሬ ቆላ ስለሆነች ለትንፋሹ ልትቀለው ትችላለች ብሎ ዶክተሩ ራሱ ተናግሯል፤ ይህን ግን ጋሼ አልነገረህም። ጥር ላይ ና፣ ሙቀቱ ሳይበረታ። ከለቡ በባቡር ና። ዕድሜህን ሙሉ ባቡር ስትጠግን ኖረህ አዲሱን አንድ ቀን እንኳ አልተሳፈርክበትም። የድሬው ጣቢያ ከከተማ ወጣ ያለ ነው፤ መኪና ይዤ እጠብቅሃለሁ፣ በባጃጅ አላንገላታህም። ክኒንህን የሁለት ወር አስገዝተህ ያዝ። የሐኪም ወረቀትህንም እንዳትረሳ።

ስትመጣ ሳጥኑን አምጣልኝ። ጋሼን አልጠይቀውም፤ ብጠይቀው ደስ ብሎት ይሰጠኛል፣ አውቃለሁ። እኔ የምፈልገው ከአንተ እጅ ነው። ለእሷ ነው ብለህ ንገረው፣ በራስህ አፍ። እሑድ ስደውል ስልኩን ይዘህ ወደ በረንዳ ውጣና መልስህን ንገረኝ።

ልጅህ
ድሬዳዋ