«30 ቀን ሠልጥኖ 10 ቀን» የየት አገር ሕግ ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ታራሚዎች ሥልጠና ባወጣችሁት ዘገባ ውስጥ «አንድ ታራሚ 30 ቀን ሥልጠና ሲከታተል 10 ቀን ከፍርዱ ይቀነስለታል» የምትል ዐረፍተ ነገር አለች። የቀረውን ዘገባ ለጊዜው ልተወውና ይህቺ አንዷ እዚህ አዳማ፣ በእኛ ቤት፣ ያደረገችውን ልንገራችሁ።

ታናሽ ወንድሜ 9 ዓመት ተፈርዶበት አምስተኛውን ባለፈው ወር ጨርሷል። ሦስቱን ዓመት ያሳለፈው በእንጨት ሥራ ሥልጠና ሲሆን፣ እናታችን ተቀምጣ ቡና የምታፈላበት ዱካም የእጁ ሥራ ነው። 6 ዓመት ሲሞላው አመክሮ እንደሚጠይቅ ታውቃለች። ዘገባችሁን ሳነብላት ግን በጣቷ መቁጠር ጀመረች፤ ሦስት ዓመት 36 ወር፣ በዐሥር ሲባዛ 360 ቀን፣ ዓመት ሊሞላ ምን ቀረው? ከስድስት አንድ ሲነሣ አምስት። በእናንተ ሒሳብ ልጇ ዛሬ ቤቱ መሆን ነበረበት። ጌሾ አስወቅጣ ጠላ ጠነሰሰች። በጥየቃ ቀንም የጋዜጣውን ቁራጭ በፌስታል ጠቅልላ ከምሳ ዕቃው ጋር ወሰደችና ለበር ጠባቂው አሳየችው። ጠባቂው (ክፉ ሰው አልነበረም) አንብቦ ሲጨርስ «እማማ፣ ይሄ የእኛ አገር አይደለም» አላት። ጠላውን ጎረቤት ጠጣው።

ጠባቂው በር ላይ ቆሞ የለየውን የእናንተ አርታኢ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለመለየት ምን እንደቸገረው አልገባኝም። ያ አሠራር በአሜሪካ በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. የጸደቀው «ፈርስት ስቴፕ አክት» የተባለው ሕግ ነው። እሱም ቢሆን የሚሠራው በፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ላሉት ብቻ ሲሆን፣ በሕጉ በዝርዝር የተጠቀሱ ወንጀሎችን የፈጸሙትን አይጨምርም። በእኛ አገር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፣ በአንቀጽ 202፣ ታራሚው የእስራቱን ሁለት ሦስተኛ፣ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ከሆነም 20 ዓመት ከፈጸመ በኋላ፣ አስተዳደሩ ሐሳብ ሲያቀርብ ወይም ታራሚው ራሱ ሲያመለክት፣ ፍርድ ቤት አመዛዝኖ በአመክሮ ሊፈታው እንደሚችል ይደነግጋል። ሥልጠናው ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ በሥራውና በጠባዩ ለመሻሻሉ ማስረጃ ይሆነዋል፣ በቀን ተመንዝሮ ግን አይቀነስለትም።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ደግሞ የዘለላችሁት ነው። ይኸው አንቀጽ ታራሚው በተቻለው መጠን የበደለውን መካሱንም ይጠይቃል። የታሰረ ሰው ከየት አምጥቶ ይክሳል? የምንከፍለው እኛ ነን። እኔ የዕቁብ ዕጣዬን ሙሉውን ሰጠሁ፤ አጎታችን ሽማግሌ ይዞ የተበዳዮቹን ደጅ አራት ጊዜ ጠንቶ፣ «ግቡ» የተባለው በአራተኛው ነው። ዘጋቢያችሁ ኃላፊውንም አሠልጣኙንም አነጋግሯል፤ ምሳ ዕቃ ይዘው በር ላይ ከተሰለፉት እናቶች ግን አንዲቷን እንኳ አልጠየቀም። ምናልባት ፀሐዩ ከብዶት ይሆናል።

እርማቱ ዘገባው በወጣበት ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን እንዲወጣ እጠይቃለሁ። እናቴ ቁራጩን አልጣለችውም፤ መሶቡ ሥር አስቀምጣዋለች፣ ስትከፍተው አያለሁ። እኔ ብነግራት «ጋዜጣ ላይ ወጥቷል እኮ» ትለኛለች።

የታራሚ እኅት፣ ከአዳማ