ወገቧን የቆረጣት ጊዜ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው በስልክ «በሽተኞቹ ያልጠየቅኋቸውን ሁሉ ያወሩልኛል፤ ህልማቸውን ሳይቀር» ብለሽ ስታማርሪ ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋን በኋላ ግን አንድ ሐኪም ትዝ አለኝ።

አል ራዚ ይባላል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ865 ገደማ፣ ዛሬ ቴህራን ካለችበት አጠገብ በሬይ ከተማ ተወለደ፤ እዚያም ባግዳድም ሆስፒታል መርቷል። ፈንጣጣንና ኩፍኝን ለይቶ የጻፈው መጽሐፍ ትንሽ ነው። ሽፍታው ሳይወጣ የሚቀድሙትን ምልክቶች ሲቆጥር ምን ይላል መሰለሽ? የማይለቅ ትኩሳት፣ የጀርባ ሕመም፣ የአፍንጫ ማሳከክ፣ በእንቅልፍ ልብ በፍርሃት መባነን። አየሽ፣ እንቅልፉን እንኳ ጠይቋል! ማቅለሽለሽና ጭንቀት ወደ ኩፍኝ ያደላል፣ የጀርባ ሕመም ግን የፈንጣጣ ነው ይላል።

ምክንያቱን ሲያስረዳ ሳተ። የልጅ ደም እንደ አዲስ የወይን ጭማቂ ነው፤ ሲፈላ ፈንጣጣው ይወጣል፣ አንዴ ከፈላ ወዲያ አይደግመውም አለ። ጠላ ስትጠነስስ ይህን ለእናትሽ ብነግራት «ታዲያ ምኑ ላይ ተሳሳተ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በሽታው አንዴ ይዞ የለቀቀውን ሰው ተመልሶ እንደማይነካው ሰውዬው በደንብ አይቷል። የወይኑን ነገር ያመጣው ያየውን ለማስረዳት ነው። ደግሞ የበሽተኛው ዓይን እንዳይጠፋ ከመጀመሪያው ምልክት አንስቶ የጽጌረዳ ውሃ ጠብ ይደረግበት ብሎ የመከረ ሰው፣ በስተርጅናው የራሱ ዓይን ጠፋ።

የአያትሽን ፊት ታውቂዋለሽ። ቡና ልታፈላ ወደ ፍሙ ስትጎነበስ ጉንጯ ላይ ያሉት ጉድጓዶች ይጎላሉ፤ ልጅ ሳለሽ በጣትሽ እየነካሽ ትቆጥሪያቸው ነበር። በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው፤ እሷን የያዛት ከዚያ ብዙ ቀድሞ፣ በልጅነቷ ነው። ስታወራው ከሽፍታው ጀምራ አታውቅም። «መጀመሪያ ወገቤን ቆረጠኝ፤ እንጨት ተሸክሜ ስለዋልኩ መስሎኝ ነበር» ትላለች። ስንት ዓመት ሰምቼ እንዳልሰማ አልፌዋለሁ። አል ራዚ ዘንድ ሳነበው ከወንበሬ ተነሳሁ።

ስለ ህልሟ ግን ጠይቄያት አላውቅም። ለፋሲካ ስትመጪ አንቺ ጠይቂያት። ቀኝ ጆሮዋ ከብዷልና በግራዋ በኩል ተቀመጪ።

አባትሽ