ዘሩ ከመታደሉ በፊት፦ ለመኖ ልማት ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

የምጽፍላችሁ ስለ ሳር ዘር እደላ ነው። ዘር አነሰን ብዬ አይደለም። ቅር የሚለኝ ለሁሉም አርቢ አንድ ዓይነት ዘር መሰጠቱ ነው። ማሳው ውሃ የሚያቁርበትም፣ መሬቱ አሲዳማ የሆነበትም፣ ከብቱን የሚያሰማራውም፣ አጭዶ የሚከምረውም ያንኑ ከረጢት ተሸክሞ ይሄዳል።

እስቲ አስቀድማችሁ ጠይቁት። ሳሩ ሊጋጥ ነው? በእርጥቡ እየታጨደ ሊሰጥ ነው? ወይስ ድርቆሽ ሊሆን?

የዝሆን ሳር ምርቱ ብዙ ስለሆነ ሪፖርት ላይ ያምራል። በእርጥቡ አጭዶ ለሚያበላ እውነትም ግሩም ነው። ድርቆሽ ልሥራበት ላለ ግን ጣጣ ነው። አገዳው ወፍራም ነውና ቅጠሉ ደርቆ ሲፈረካከስ ውስጡ ገና ርጥብ ነው። በዚያው ከተከመረ ይሞቃል፣ ይሻግታል። የሮደስ ሳር አገዳ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል፤ ጨዋማ አፈርም ይችላል። አሲዳማ መሬት ላለው ብራካሪያ የሚባለው የመኖ ሳር ይሻለዋል። ብዙ የሚወደሰው አልፋልፋ የሚባለው የመኖ ተክል እዚያው መሬት ላይ ይቀጭጫል። ደግሞም እርጥቡን አልፋልፋ ብቻውን እስክትጠግብ የበላች ላም ሆዷ ተነፍቶ ልትሞት ትችላለች። ይህን ሳይናገሩ ዘሩን ማስጨበጥ ምን ይሉታል?

የአጨዳው ነገር ደግሞ አለ። ለድርቆሽ የሚሆን ሳር ማበብ ሲጀምር ነው የሚታጨደው። ዘር እስኪይዝ ከተጠበቀ ክምሩ ይተልቃል፣ ምግብነቱ ይወርዳል። ፕሮቲኑ ከ7 በመቶ በታች ሲሆን በከብቷ ሆድ ውስጥ መኖውን የሚያብላሉት ረቂቅ ሕዋሳት ይዳከማሉ። እሷም መብላት ትቀንሳለች። እንግዲህ ክምር ፊቷ ተቆልሎ ትከሳለች ማለት ነው። እናንተ ግን ምርቱን በኩንታል ብቻ ስለምትለኩ፣ አዘግይቶ ያጨደው ጎበዝ ተብሎ ይመሰገናል። በበኩሌ ይህ አሠራር ከዘር ምርጫው የባሰ ይመስለኛል።

የምጠይቃችሁ ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ ነገር አይደለም። በየከረጢቱ አንድ ወረቀት ይግባ። ዘሩ ለየትኛው አፈር እንደሚስማማ፣ ለግጦሽ ይሁን ለድርቆሽ፣ መቼ እንደሚታጨድ ይጻፍበት። ስንት በመቶው እንደሚበቅልም አይቅር። የሮደስን ዘር እፍኝ አድርጋችሁ እዩት፤ ጭገር ያለው፣ ላባ የሚያህል ቀላል ነገር ነው፤ ብዙው ባዶ ገለባ ሊሆን ይችላል። ደቃቅ ስለሆነ በጥልቀት ከተቀበረም አይወጣም። ያልተነገረው ሰው እንደ በቆሎ ይቀብረውና "ዘሩ የሞተ ነው" ብሎ ይተወዋል።

ምርት ስትመዘግቡም ከኩንታሉ ጎን ሳሩ በምን ደረጃ ላይ እንደታጨደ የሚሞላ አንድ ዓምድ ጨምሩ። ወረቀቱ ደግሞ ከሚቀጥለው እደላ በፊት ቢደርሰን ደስ ይለናል። አንድ ገጽ ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ከብት አርቢ