የሞተር ጥገና ክበብ፦ «እጀታውን አትንኩ!»

የዘንድሮን የክበባችንን ሥራ ባጭሩ ተናገር ብትሉኝ፣ ካቴና ልናጸዳ ገብተን ፍሪሲዮን (ማርሽ ሲቀየር ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን) አበላሽተን ወጣን እላለሁ። ደግነቱ መልሰን ሠራነው።

በጥቅምት ስንጀምር 14 ነበርን። የምንማርባት ሞተር አንድ ወላጅ ያዋሱን አሮጌ ሱዙኪ ቪ-ስትሮም 1000 ናት፣ ግቢያቸው ውስጥ ሸራ ለብሳ የከረመች። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ እየገፋን ነው ያመጣናት። ቁልቁለቱን እየሳቅን ወረድን፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ወዲያ ያለውን ዳገት ግን 200 ኪሎ ያለፈ ብረት ይዞ መውጣት ምን እንደሆነ ልጆቹን ጠይቋቸው።

ልጆቹ በየሠፈራቸው የሚያውቁት ሞተር ፍሪሲዮኑ በሽቦ የሚሳብ ነው። የእሷ ግን እንደ ፍሬን በዘይት ይሠራል። እጀታውን ስትጨብጠው መሪው ላይ ያለችው ትንሽ ፖምፓ ዘይቱን ትገፋለች፣ ታች ያለው ፖምፓ ደግሞ ፒስተኑ ወጥቶ ፍሪሲዮኑን ይለቃል። ፊዚክስ ክፍል ውስጥ ያዛጉብኝ የነበሩ ልጆች የታችኛው ፒስተን ስፋት በዲያሜትር እጥፍ ቢሆን የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ እንደሚሆን እዚህ በጣታቸው ሲያዩት ፓስካልን ወደዱት። እኔም ትንሽ ተናደድኩ፣ ያው ትምህርቱ ነው እኮ!

የመጀመሪያው ስህተት ኅዳር ላይ መጣ። አንዷ ተማሪ የላይኛው ማጠራቀሚያ ጎድሎ አየችና እስከ አፉ ሞላችው። የፍሬን ዘይት ሸራው (እየተፋተገ የሚያልቀው ክፍል) ባለቀ ቁጥር ይወርዳል። የፍሪሲዮኑ ግን ተቃራኒ ነው፦ ሸራው ሲያልቅ ታች ያለው ፒስተን ወደ ኋላ ስለሚመለስ ዘይቱ ከፍ ይላል። ቦታ ካልተውንለት ፍሪሲዮኑ በደንብ ሳይይዝ ይቀርና ይንሸራተታል። ቀድተን አወጣነው።

ትልቁ ጉድ የተፈጠረው ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው። የፊተኛውን ፒኞን፣ ማለትም ካቴናውን የሚያዞረውን ጥርስ፣ ጥቁር ግሪስ ውጦታል። እሱ ጋ ለመድረስ የግራው ክዳን መነሳት አለበት፣ የታችኛው ፖምፓ ደግሞ እዚያው ነው ያለው። ፖምፓው ከቦታው ሲነሳ ፒስተኑን የሚገታው ነገር የለም። ባትነኩትም ውስጥ ያለችው ሞላ ቀስ እያለች ትገፋዋለች፣ ስለዚህ ወዲያው በፕላስቲክ ማሰሪያ ጥፍር አድርጎ ማሰር ነው። ይህን ነግሬአቸው፣ ሳላስር፣ ማኪያቶ ልጠጣ ወጣሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።

ሞተሯን ደግፎ የቆመው የአሥረኛ ክፍል ልጅ እጁ ለምዶበት እጀታውን ጨበጠ። ጧ! ፒስተኑ መሬት ላይ፣ ዘይቱ ሱሪው ላይና ሻንሲው ላይ። ስመለስ ሁሉም ዝም ብለው ያዩኛል፣ አንዱ ብቻ «ቲቸር፣ እኔ አይደለሁም» ይላል። ፍሪሲዮኗ ውስጥ ያለውም የፍሬን ዘይት ነው፣ ቀለም ይልጣል፣ በጨርቅ መጥረግ ደግሞ አይበቃም፣ በብዙ ውኃ መታጠብ አለበት። እንደ ዕድል ሆኖ የዚያን ዕለት ውኃ የለም። የጥበቃው አባባ ያስቀመጡትን ሁለት ጀሪካን ሰጡን፣ ቀለሟም ተረፈች።

ፒስተኑንና ማሸጊያ ጎማውን ያጸዳነው በዚያው በአዲስ የፍሬን ዘይት ነው። ቤንዚንም ላምባም አይንካው፣ ጎማውን ያሳብጠዋል። ዘይቱን ለመግዛት ሁለት ልጆች ሶማሌ ተራ ላክሁ። ሻጩ «5 ከ4 ይሻላል» ብሎ ዶት 5 ሊሰጣቸው ነበር (ዶት የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው)። ልጆቹ የማጠራቀሚያውን ክዳን ፎቶ አንስተው ስለነበር ዶት 4 አሉና ጸኑ። ዶት 5 ሲሊኮን ነው፣ ከ4 ጋር አይቀላቀልም። ደግሞ ሁሉም ሞተር ዶት 4 አይጠጣም፣ በማዕድን ዘይት የሚሠራ ፍሪሲዮን አለ፣ ዶት ከገባበት ጎማው ይበላሻል። ክዳኑን ሳታነቡ ጠርሙስ አትክፈቱ።

ከዚያ አየር ማስወጣት። አንዱ እጀታውን ይጨብጣል፣ ሌላው ታች ያለችውን ማስተንፈሻ ሩብ ዙር ይከፍትና ይዘጋል፣ ከዚያ ብቻ ይለቀቃል። ሦስተኛው ላይኛው ማጠራቀሚያ እንዳይደርቅ ያያል፣ ከደረቀ ሁሉም እንደ አዲስ ነው። «ጨብጥ! ክፈት! ዝጋ! ልቀቅ!» እያሉ ሁለት ቅዳሜ ጮሁ። እጀታው ግን እንደ ስፖንጅ ነው። በመጨረሻ ጨብጠን ከአሮጌ የውስጥ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ መሪው ላይ አሰርነውና አሳደርነው። ጠዋት ሲፈታ ጠጥሮ ተገኘ፣ ጥቃቅኑ አረፋ ሌሊቱን ወደ ላይ ወጥቶ ነበር። እኔ ራሴ አላመንኩም ነበር።

የቀረው ቀላል ነው፦ የሞተር ዘይት ቀየርን፣ ሻማ አጸዳን፣ ካቴና አጠበቅን። ሦስት ልጆች ለፈተና ዝግጅት ብለው ለቀቁ፣ አልፈረድኩባቸውም።

በሰኔ ባለቤቱ አይሱዙ ይዘው መጡ። ልጆቹ ከጥር ጀምሮ እጀታው ላይ የለጠፉት «እጅህን ሰብስብ!» የሚል ወረቀት አልተነሳም ነበር። አነበቡት፣ ሳቁ፣ ከዚያ ጨበጡት። ጠንካራ ነው። ወረቀቱን እንዳለ ተዉት፣ ሞተሯም እንዲሁ ተጫነች።