ወንድሜ ቤቱ ገብቷል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ። ከሁሉ በፊት ክብር ምስጋና ለመድኃኔዓለም ይሁን። ስልኬን ለሁሉም ማንሳት ስላልቻልኩ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው፣ ወንድሜ ላይ የተፈረደው የጥፋተኝነት ፍርድ በይግባኝ ተሽሯል፣ ክሱ እንደ አዲስ ይታይ ተብሎ ተመልሷል፣ እሱም በዋስ ወጥቶ ይኸው ሳሎን ተኝቷል።

ምን አዲስ ማስረጃ ተገኘ ለምትሉኝ፣ ምንም አልተገኘም። ይግባኝ ላይ አዲስ ምስክር አይሰማም፣ ዳኞቹ የሚያዩት መጀመሪያ ችሎት ላይ የተባለውን ብቻ ነው። ለዚህ ነው ያኔ የቆመለትን ጠበቃ አስቀድሜ የማመሰግነው። ጁሪ (ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው የሚወስኑት ተራ ሰዎች) ሲመረጥ አቃቤ ህጉ ከዕጩዎቹ 14 ቁጥሯን ጥቁር ሴትዮ፣ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው፣ የእህቷንም ልጅ ፖሊስ አስቁሞት ያውቃል ብሎ ትውጣልኝ አለ። ጠበቃው ወዲያው ብድግ ብሎ ተቃወመ። እዚህ አሜሪካ ዋሽንግተን ስቴት በፈረንጆቹ ከ2018 ጀምሮ ሰው በዘሩ ምክንያት ከጁሪ እንዳይወጣ የሚከለክል ጀነራል ሩል 37 የሚባል ደንብ አለ፣ እነዚህ ሁለት ምክንያቶች እዛ ላይ ከመነሻው ተቀባይነት እንደሌላቸው የሚቆጠሩ ተብለው በግልጽ ተጽፈዋል፣ ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1986 በባትሰን መዝገብ አቃቤ ህጉ ሆን ብሎ ነው ያደላው ብሎ ማሳየት ያስፈልጋል ቢልም፣ በዚህ ደንብ ግን እሱን ማሳየት አያስፈልግም። ዳኛው ግን አልተቀበሉትም፣ ሴትየዋም ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። እኔ ኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ምን እንደተፈጠረ እንኳ አልገባኝም ነበር። ያቺ ተቃውሞ ግን ትራንስክሪፕቱ (ችሎቱ ላይ የተባለው ሁሉ የሚጻፍበት መዝገብ) ላይ ቀረች፣ የይግባኝ ዳኞቹም ፍርዱን የሻሩት በሷ ነው።

ሌላው ያ ቴክስት ነው። ወንድሜ ለልጄ ክርስትና ሳይመጣ ለቀረው ጓደኛው "ቆይ ብቻ ሳገኝህ ነው የምገልህ" ብሎ ልኮለት ነበር፣ ቡና ላይ ስንቴ የምንባባለውን! በኋላ ጠብ ላይ ያው ጓደኛው ሲጎዳ (እግዚአብሔር ምህረቱን ይላክለት) በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ዛቻ ሆኖ ቀረበ። የኛ ጠበቃ የአማርኛ ባለሙያ አምጥቶ ነበር፣ ዳኛው አያስፈልግም አሉ። 12ቱ ጁሪዎች ያቺን ቃል ይዘው ገቡ። የይግባኝ ዳኞቹ ለሚቀጥለው ችሎት ስለሚያስፈልግ ይሄንንም አይተው ባለሙያው መሰማት ነበረበት ብለዋል።

የ30 ቀኑ ገደብ ሊያልፍ ሶስት ቀን ሲቀረው ይግባኙን ያስገባችልን ጠበቃ፣ ተራችሁን ለዋሱ የለቀቃችሁልን ዕቁብተኞች፣ እማዬን በየቅዳሜው እስር ቤት ድረስ በመኪና ያመላለሳችሁ እህቶቼ፣ ብድራችሁን እሱ ይክፈልልኝ፣ ክፉ አይንካችሁ። ክሱ ገና አልተዘጋም፣ ጸሎታችሁ አይለየን። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቤታችን ቡና አለ፣ ኑ።

14 ቁጥሯ እህቴ ደግሞ ስምሽን አላውቀውም፣ ይሄንንም አታነቢው ይሆናል። የዛን ቀን ሲጠይቁሽ የእህትሽን ልጅ ነገር ሳትደብቂ ስለተናገርሽ አመሰግንሻለሁ።