ለልጄ፤ ስለዚያች ትንሽ ቃል

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ብቻ ክረምቱ ሲገባ ጀምሯታል።

አክስትሽ ከሜሪላንድ ደውላ ሁሉንም ነገረችኝ። የምትንከባከቢያት ባልቴት ራሷን ስታ ስትወድቅ ለልጇ ደውለሽ «ፓስድ አዌይ» አልሽው አሉ። «ፓስድ አውት» ልትይ ፈልገሽ። ሰውዬው እናቴ ሞተች ብሎ እያለቀሰ ሲደርስ ሴትዮዋ ቁጭ ብላ ሻይ ትጠጣለች። አክስትሽ እየሳቀች ነው ያወራችኝ። እኔም ትንሽ ሳቅሁ፣ አልዋሽሽም። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ልጄ፣ ትንሿን ቃል አትናቂ። «ፓስ»ን ማን ያጣታል? ፈተና ያለፈም «ፓስ» ነው። ነገሩ ያለው ከኋላ በምትከተለው ላይ ነው። «አውት» ካልሽ ራሷን ሳተች፤ «አዌይ» ካልሽ አረፈች። «ሉክ»ንም እዪያት። «ሉክ ፎር» መፈለግ ነው፣ «ሉክ አፍተር» መንከባከብ፣ ያንቺው ሥራ። «ሉክ ዳውን ኦን» ደግሞ ሰው መናቅ።

የፈረንጅ ቋንቋ ጣጣ ነው አትበይ። እኛስ? «ቁጭ አለ» ስንል ሰውዬው ምን አለ? ምንም አላለም። ዝም ያለውን እንኳ «ዝም አለ» እንላለን! ቃል በቃል የሚፈታ ፈረንጅ ያብዳል። አንቺም የእነሱን ቃል በቃል አትፍቺ።

እኔን ያየ ይማር። በ1983 ዓ.ም. አንድ የውጭ ድርጅት ለመጋዘን ሠራተኛነት ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። የጓደኛዬን ኮት ተውሼ ሄድኩ። አንዲት ፈረንጅ በሩ ላይ ወጥታ ቃለ መጠይቁ «ፑት ኦፍ» ተደርጓል አለችኝ። እኔ «ፑት ኦፍ»ን የማውቃት ከህንዱ አስተማሪያችን ነው፤ ከክፍል ስንወጣ «ፑት ኦፍ ዘ ላይት»፣ መብራቱን አጥፉ፣ ይለን ነበር። ጠፋ ማለት ነው፣ ቀረ ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ሴትዮዋ ቀጥላ ብዙ ተናገረች። ጆሮዬ ግን ተዘግቷል። «ቴንኪው» ብዬ ወጣሁ።

ለካስ ወደ ሐሙስ ተላልፏል ማለቷ ነው። ቢሰረዝማ «ኮልድ ኦፍ» ትለኝ ነበር። ኮቱን ያዋሰኝ ጓደኛዬ ሐሙስ ሄዶ ተቀጠረ። እኔም ከ30 ዓመት በላይ «በዘመድ ገባ» እያልኩ አማሁት። ሰርጌ ላይ ሚዜ የሆነኝን ሰው! ቀብሩ ላይ ቆሜ እንኳ አፌን አልከፈትኩም። እናትሽ እስከ ዛሬ እውነቱን አታውቅም። አትንገሪያት።

እና ትንሿን ቃል አትናቂ እያልኩሽ ነው። ሰው ሲናገርሽ አልገባሽም ከሆነ ጠይቂ። ማፈር የለም። የእኔ እፍረት የት እንዳደረሰኝ አየሽ።

አሁን አንድ ትንሽ ደብተር ግዢ። ቃሏን ብቻ አትጻፊ፣ የሰማሽውን ዓረፍተ ነገር ሙሉውን ጻፊ። «ኢት» ስትመጣ መሀል ትገባለች፤ አጥፊው ለማለት «ተርን ኢት ኦፍ» ይባላል እንጂ «ተርን ኦፍ ኢት» አይባልም። «ሉክ አፍተር» ግን አትለያይም፣ «ሉክ አፍተር ኸር» ነው። ይኼ በቃል እንጂ በሕግ ብቻ አይያዝም፤ እየሰማሽ ትለምጂዋለሽ።

ሌላ ቀን ሰው ወድቆ ካልነቃ መጀመሪያ 911 ደውዪ። ቀጥሎ ለአለቃሽ። ለልጁ ስትነግሪ በአንድ ቃል ጨርሺው፤ «ፌይንትድ»፣ ራሷን ሳተች፣ በይ። ስትደነግጪ እንደ «ፓስድ አውት» ባለ ተጣማሪ ቃል አትራቀቂ። ልጄ፣ ከዚያች ትንሽ ቃል ተጠንቀቂ።

በርበሬና ሽሮ በሚመጣው ሰው ልከናል። በርበሬውን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው፣ ይነቅዛል። ቅዳሜ ለእናትሽ ደውዪ፤ ስለ ጉልበቷ ጠይቂያት፣ እኔ ነገርኩሽ አትበያት።

ለመሆኑ ባልቴቷ እንዴት ናት? ልጇስ ይቅር አለሽ? ሻይዋን ምን ያህል ስኳር እንደምትወድ ጠይቂልኝ። እንዲሁ ሳስባት ሰነበትኩ።

አባትሽ