የሒሳብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ሽንኩርቱ በስንት ይሸጥ?

የሒሳብ ክበብ ዘንድሮም አለ። ይህን ማለት ያስፈለገኝ በመምህራን ማረፊያ «ፈርሷል» ሲባል ስለሰማሁ ነው። አባላት መዝግበናል፣ ሥራ አስፈጻሚ አስመርጠናል፣ ረቡዕ ረቡዕ ተገናኝተናል፣ በሰልፍ ላይም እንቆቅልሽ አቅርበናል።

ዋናው ሥራችን የቃላት ጥያቄ ነበር። እኩልታ ሲሰጠው በሁለት መስመር የሚጨርስ የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ያው እኩልታ በአራት ዓረፍተ ነገር ሲመጣበት እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። «እንግሊዝኛው ነው» እንላለን፤ እውነትነት አለው። ግን በአማርኛ ጽፈን ስንሰጣቸውም ያን ያህል ለውጥ አላየንም። ልጆቹ ታሪኩን ትተው ቁጥሮቹን ነው የሚለቅሙት። የእኛ ልጆች ብቻም አይደሉም፤ ፈረንሳይ ውስጥ «መርከብ ላይ 26 በጎችና 10 ፍየሎች አሉ፤ የካፒቴኑ ዕድሜ ስንት ነው?» ተብለው ደምረው 36 ያሉ ተማሪዎች ጥቂት አልነበሩም።

እኛም አንድ ጥያቄ ሰጠን፦ ነጋዴዋ 1 ኩንታል ሽንኩርት በኪሎ 60 ብር ገዛች፤ 15 ኪሎው ተበላሸ፤ 20 በመቶ ለማትረፍ ቀሪውን በስንት ትሽጥ? ሁሉም ለማለት ይቻላል «72 ብር» አሉ።

የካቲት ላይ ገበያ ይዘናቸው ወረድን። ጥያቄውን ለአንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ስናቀርብ፣ በክበቡ ድምፅዋን ሰምተን የማናውቅ ልጅ ጆንያው አጠገብ ቁጢጥ ብላ «የበሰበሰውንስ ማን ይከፍለዋል?» አለች። ከዚያ ያለ ወረቀት ቀጠለች። የወጣው 6,000፣ መግባት ያለበት 7,200፣ ያለው 85 ኪሎ። በ72 ቢሸጥ 6,120፤ ትርፉ 120 ብር። «ከ85 ብር በታች አይሆንም» ብላ ጨረሰች። ነጋዴዋ «የኔ ልጅ፣ ነግደሽ ታውቂያለሽ እንዴ?» ቢሏት «እማዬ ጉሊት ትሸጣለች» አለች፣ ፊቷን ወደ ሽንኩርቱ መልሳ። በመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተናዋ ላይ የቃላት ጥያቄዎቹ ቦታ ባዶ ነበር። ያረምኩት እኔው ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ታሪኩን በራሱ አፍ ያልተረከ፣ በሥዕል ያላሳየ አባል ማስላት አይጀምርም። «የተረት ክበብ» ያላችሁን ባልደረቦች፣ ረቡዕ ብቅ በሉና እዩት።

ከጎረቤት ትምህርት ቤት ጋር በተደረገው ውድድር ተሸንፈናል። ክፍላችንም የተሰበረ ዴስክ ማከማቻ ሆኗል። ወረቀት ስለሌለ ጥያቄ የምንጽፈው ሰሌዳ ላይ ነው፤ ተማሪው ገልብጦ ሳይጨርስ ሰዓቱ ያልቃል። ለማልያ የበቃ የውስጥ ገቢ ለአራት ደስጣ ወረቀት አያንስም። ማመልከቻችን ጽሕፈት ቤት ገብቷል፤ የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት በቀጣዩ ስብሰባው ቢያይልን። የማይሠራበት ሚዛን ቤቱ ያለው ወላጅም ቢያውሰን እንወስዳለን።